የሦስተኛው ምሰሶ ጥላ

ሬሳውን ያገኙት አሸዋ ጫኚዎች ናቸው። እሁድ ጠዋት ነበር። ከሽንፋ ወደ ገለጉ በሚወስደው መንገድ ላይ ከሚሠራው ድልድይ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ ለበጋ ጥሎት ከሸሸው የአሸዋ ጉድጓድ ውስጥ፣ አንድ ሰው በደረቱ ተደፍቶ ነበር። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰብሯል። ቀኝ እጁ ግን ሜትሮውን አለቀቀም። ቢጫው ጥብጣብ ከታች እስከ ጉድጓዱ አፍ ተዘርግቶ፣ ላይኛው ጫፉ ላይ ድንጋይ ተጭኖበታል።

ኢንስፔክተር አትክልት ከገንዳ ውኃ ሲደርስ ፀሐይዋ መናደፍ ጀምራለች። ተንበርክኮ ሜትሮውን አነበበ። አራት ሜትር ከሠላሳ።

«ሰው ሊሞት ሲል ጉድጓድ ይለካል?» አለች ሳጅን ኩብራ። የመተማ ልጅ ናት፤ ቆላውን እንደ መዳፏ ታውቀዋለች።

«ሊሞት መሆኑን መች አወቀ። ማን ይባላል?»

«ሽመክት። ድርጅቱ ከጎንደር የላከው ወጪ ተቆጣጣሪ ነው። ከመጣ ገና ሦስት ሳምንቱ። ትናንት ቀትር ወደዚህ ሲወርድ አይተውታል፤ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ዋላሂ፣ በሦስት ሳምንት ይህን ያህል ጠላት ያፈራ ሰው አላየሁም! የናፍጣ በርሜል በእንጨት እየለካ፣ የመኪና ኪሎ ሜትር እያስመዘገበ፣ የምስማር ደረሰኝ እየጠየቀ…»

«ሥራው ነዋ።»

«በዚህ በረሃ ሥራውን የሚሠራ ሰው ፀጉሩ አይሸብትም፣ አለቃ።»

ኩብራ እንዳለችው ከሽመክት ብብት ሥር የማይጠፋው ትልቅ መዝገብ የለም። በሸሚዙ ኪስ ግን ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ተገኘች። ጽሕፈቱ ደቃቅና ቀጥ ያለ ነው። የመጨረሻው ገጽ ላይ ሁለት መስመር ብቻ ሰፍሯል። «ሦስተኛው ምሰሶ፤ ሲሚንቶ ከንድፉ በላይ 210 ኩንታል።» ከሥሩ ደግሞ፣ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት፣ «አሸዋስ?»

አትክልት ሁለተኛውን መስመር ደጋግሞ አነበበው። ሟቹ የሚጠይቀው እርሱን መሰለው።

*

የድልድዩ አራት ምሰሶዎች ከደረቀው ወንዝ መሐል ቆመዋል። ራሱ ላይ ኮንክሪት ተሞልቶለት እንደ ዣንጥላ ጥላ የሚጥለው ሦስተኛው ብቻ ነው። ከአምስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሥራ ይቆማል፤ በሚያዝያ የመተማ ቀትር ብረት ቢነኩት እጅ ይልጣል። ሳሉጎቹ፣ ማለት በየዓመቱ ከደጋ ወርደው ሰሊጥ የሚያርሙት፣ እርሻ ሲጠፋ ደግሞ ድንጋይ የሚሸከሙት የቀን ሠራተኞች፣ ከቆርቆሮው ቤት ግድግዳ ሥር በተረፈችው ስንዝር ጥላ ተጨናንቀው ተጋድመዋል። ከሦስተኛው ምሰሶ ሥር ግን አንድም ሰው የለም።

አትክልት ሄዶ ተቀመጠ። ቀዝቃዛ ነው። ላቡን እየጠረገ ቀና ሲል፣ ሰዎቹ ሁሉ ተነስተው እያዩት ነው።

«ምነው?» አለ ጮክ ብሎ።

አንዱ ጎረምሳ ወደ ጓደኛው ጠጋ ብሎ፣ «ይህ ሰው ይተኛ ይሆን?» ሲል ተሰማ።

«እተኛለሁ ብልስ?»

«ያ ጥላ ይከብዳል፣ ጌታዬ» አለ ጎረምሳው። «እዚያ የተኛ ሁሉ ስሙ ሲጠራ ነው የሚነቃው።»

ከመካከላቸው የሳቀ አልነበረም። አትክልትም የደቂቃዎች ዕረፍት ካደረገ በኋላ ተነሳ፤ ለምን ቶሎ እንደተነሳ ግን ለራሱም አልገባውም።

የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ መሐንዲስ አስማረ ቢሮው ድረስ ይዞት ገባና በገዛ እጁ ውኃ ቀዳለት። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«ሽመክት እንደ ታናሽ ወንድሜ ነበር። እኔ ዓርብ ከሰዓት ወደ ጎንደር ወጣሁ፤ መኪናውን ራሴ ነበርኩ የምነዳው። ትናንት አመሻሽ ላይ ነው የተመለስኩ።» ሳይጠየቅ የሆቴልና የምሳ ደረሰኝ ከመሳቢያው አውጥቶ ዘረጋ። «ይኸው። እሱ ነው ደረሰኝ መያዝ ያስለመደን።»

«ጠላት ነበረው?»

አስማረ ተነፈሰ። «ሰው መወንጀል አልወድም። ግን ሁለት መቶ ኩንታል ሲሚንቶ ጎድሎብናል። ዓርብ ጠዋት ሳሊም ከሚባለው ነጋዴ ጋር በሰው ፊት ተጣሉ። ሳሊም ዕቃ ወደ ማዶ፣ ወደ ሱዳን ያሻግራል። አገር ያወቀው ነው።»

ሳሊምን የቀበሌው ሚሊሻ አስቀድሞ ይዞታል። የሠራተኞቹ ፎርማን ዘሩም ይህንኑ ደገመ፤ ቃል በቃል። ሃምሳ የደፈነ፣ ፊቱ ከፀሐይ የተነሳ እንደ ቆዳ የጠነከረ ሰው ነው። ቅዳሜ ቀትር የት እንደነበረ ሲጠየቅ «እንደ ሰው ተኝቼ» አለ። ከቢሮው ወጥቶ ወደ ማደሪያው ሲሄድ አትክልት በመስኮት ተከተለው። አጭሩ መንገድ በሦስተኛው ምሰሶ ሥር ያልፋል። ዘሩ ግን ፀሐዩን መርጦ ዞረ።

*

በሩ ላይ አንዲት ሴት ጠበቀቻቸው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠምጥማለች፤ የፕላስቲክ ጫማዋ ተረከዙ አልቋል። አነጋገሯ የጎጃም ነው።

«ጌታዬ፣ እርስዎ ነዎት ፖሊሱ? ወንድሜን ያሳዩኝ።»

«ወንድምሽ ማን ነው?»

«አዱኛ። እኔ አገኘሽ እባላለሁ። ከጥር ወዲህ ድምፁ ጠፋብኝ። ስልኩ አይነሳም። እናታችን በሕይወት ሳለሁ ዓይኑን አሳዪኝ ብላ ላከችኝ። እነዚህ ሰዎች አለ ይሉኛል። መዝገብ ገልጠው አሳዩኝ፤ ትናንት ሠርቷል፣ ከትናንት ወዲያ ሠርቷል። የት ነው ስላቸው ሥራ ላይ ነው ይላሉ።»

«ታዲያ ሥራ ላይ ይሆናላ» አለች ኩብራ።

«ጎህ ሲቀድ ስም ሲጠራ መጥቼ ቆምሁ፣ እታለም። ሦስት ቀን ቆምሁ። ‹አዱኛ!› ይላል ጠሪው። ‹አቤት!› ይላል አንድ ሰው። የወንድሜ ድምፅ አይደለም። ሰዉ መሐል ገብቼ ፊት ለፊት አየሁ፤ ወንድሜ የለም።»

አትክልት የነፍስ ግድያ ይዞ ነበር፤ የጠፋ ሳሉግ በዚህ አገር ብዙ ነው። ወርቅ ፍለጋ ቋራ ወርዶ ይሆናል፣ ወይም ማዶ ተሻግሮ። ይህንኑ ሊነግራት አፉን ከፈተና ፊቷን ሲያይ ተወው።

«ነገ ጎህ ሲቀድ እኔም እቆማለሁ» አላት።

*

ሳሊም ሽንፋ ፖሊስ ጣቢያ ታስሮ፣ ጀላቢያው አቧራ ለብሶ፣ ቁጣው ግን አልቀዘቀዘም።

«ናፍጣ ገዝቻለሁ፣ አዎ! ከሹፌሮቹ፣ በጀሪካን። ሰውየው የሰደበኝም በእሱ ነው። ቅጡኝ፣ ማሌሽ፣ ግድ የለም፣ እከፍላለሁ። ሲሚንቶ ግን?»

«ሁለት መቶ አሥር ኩንታል።»

«ለማን ልሽጠው? አንቺ ልጅ፣ አንቺ የእኛ ልጅ ነሽ፣ ንገሪው!» ወደ ኩብራ ዞረ። «ማዶ ጦርነት ነው። ሰዉ የሠራውን ቤት ጥሎ በእግሩ ወደኛ እየመጣ ነው። በዚህ ዘመን ለሱዳን ሲሚንቶ የሚሸጥ ዓባይ ላይ ቆሞ ውኃ ቢሸጥ ይሻለዋል!»

ኩብራ ሳቋን ዋጠች። «እውነቱን ነው፣ አለቃ። ሲሚንቶ ማሻገር ከቆመ ቆየ።»

«ቅዳሜ ቀትር የት ነበርክ?»

«መስጊድ፣ ከዚያ ሱቄ። መቶ ሰው አይቶኛል። አማኝ ነኝ፣ ሰው አልገድልም። ናፍጣ እገዛለሁ፤ ኸላስ፣ በቃ!»

መቶውን ባይሆን አሥራ አንዱን አገኟቸው። ሁሉም አይተውታል።

*

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ዘሩ መዝገቡን ይዞ ድንጋይ ላይ ቆመ። ሳሉጎቹ ከነአካፋቸው ተሰልፈዋል። አገኘሽ ከኢንስፔክተሩ ጎን ቆማ ነጠላዋን በጥርሷ ነክሳለች። ስሞቹ አንድ በአንድ ይጠራሉ፤ አቤት፣ አቤት፣ አቤት።

«አዱኛ!»

ዘሩ ቀና ብሎ ፖሊሶቹን አየና ገጹን ሊገለብጥ ቸኮለ። ልማድ ግን ከሰው ይቀድማል። ከኋላ ረድፍ አንድ ድምፅ ሳያስብ አመለጠ።

«አቤት!»

አትክልት የተናገረውን ሰው በዓይኑ ያዘው። ቀጭን፣ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ ሷሊህ የሚባል የቀን ሠራተኛ ነው። ከቆርቆሮው ቤት ጀርባ ወሰዱት።

«ስንት ጊዜ ሆነህ በሰው ስም አቤት ስትል?»

«ሌብነት አይደለም፣ ጌታዬ።» ሷሊህ እጆቹን እያሻሸ መሬት መሬት ያያል። «እኛ ዘንድ እንዲህ ነው። ወባ ሲጥልህ፣ ካላዛር ሲይዝህ፣ ጓደኛህ አቤት ይልልሃል። ካልተባለልህ ስምህ ይሰረዛል፣ ቦታህን ሌላ ይይዘዋል። እኔ አሥር ቀን ስተኛ አዱኛ ነው አቤት ያለልኝ። ብድሬን ነው የምመልስ።»

«አዱኛ ታመመ ማለት ነው?»

«ዘሩ ነው የነገረን። በጥምቀት ማግስት። አዱኛ፣ የወሎው ፈሀድና ሽባባው ታመው በመኪና ጎንደር ሆስፒታል ሄዱ፣ ቦታቸው እንዳይያዝ አቤት በሉላቸው አለን። ደመወዛቸውን ለእነሱ ያስቀምጥላቸዋል።»

«ሦስት ወር ሙሉ?»

ሷሊህ ወደ ሦስተኛው ምሰሶ አቅጣጫ ዞረ። ሲናገር ድምፁ ወርዷል።

«አንድ ቀን ያ ምሰሶ ሥር ተኝቼ ነበር። የማን እንደሆነ የማውቀው ድምፅ ‹ሷሊህ› ብሎ ጠራኝ። አቤት ብዬ ብድግ አልኩ። ማንም የለም። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አቤት ስል ለማን እንደምመልስ አላውቅም።»

ኩብራ በስልክ አጣራች። ጎንደርም፣ ገንዳ ውኃም፣ በእነዚያ ሦስት ስሞች የተኛ በሽተኛ አልነበረም።

*

አትክልት ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጦ የተጠረዙ ወረቀቶችን ማገላበጥ ያዘ። ኮሌጅ ሳለ ሒሳብ ይፈራ ነበር። አሁን ግን ሟቹ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ጣቱን እየመራ የሚያሳየው ይመስል ነበር።

«አለቃ፣ ምን እየፈለግን ነው?»

«አሸዋ።»

«አሸዋ ማን ይሰርቃል?»

«ሽመክትም የጠየቀ ይህን ነው።» ቀና አለ። «ሲሚንቶው ተሰርቆ ቢሆን አሸዋውና ጠጠሩ ባለበት በቀረ። ሌባ ሲሚንቶ ይጭናል እንጂ አሸዋ አይጭንም። አሁን ይህን እዪ። የጥር አሥራ አንድና አሥራ ሁለት የገልባጭ መኪና ምልልስ ወረቀት ነው። ለሦስተኛው ምሰሶ መሠረት ከሚያስፈልገው በላይ ሁለት መኪና አሸዋ፣ ሦስት መኪና ጠጠር ገብቷል። ማንም አሸዋ ስለማይሰርቅ ይህን ወረቀት የደበቀው የለም። ቅዳሜ ሽመክት ጉድጓዱ ድረስ የወረደ በእርግጥ ይህን ያህል አሸዋ መውጣቱን ሊለካ ነው።»

«እና ሲሚንቶው አልጎደለም?»

«ምንም አልጎደለም። ሁሉም መሬት ውስጥ ነው። ስድሳ ሜትር ኩብ ኮንክሪት ከንድፉ በላይ ተቀብሯል። የተቆፈረ ጉድጓድ በአንድ ቀን ያን ያህል የሚሰፋ መቼ ነው?»

ኩብራ ልትመልስ ጀምራ ቆመች። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ሲናድ» አለች በመጨረሻ።

«ሦስቱ ታመሙ የተባለውም በዚያው ማግስት ነው» አለ አትክልት። ውጭ አንዱ በመዶሻ ፌሮ ይቀጠቅጣል።

«ዘሩ ነዋ ሽመክትን የገደለው» አለች ኩብራ።

«ዘሩ ቅዳሜ ቀትር ከሃምሳ ሰው ጋር ተኝቶ ነበር። አጣርቻለሁ፤ ሲያንኮራፋ ሰውን ሁሉ አስቸግሯል። አንድ ያልጠየቅነው ሰው ቀርቷል።»

የበሩ ጥበቃ አባ አበባው ስልሳ አምስት አልፏቸዋል። አትክልት ቆሞ አነጋገራቸው።

«አባ፣ የመኪና መግቢያና መውጫ ይመዘግባሉ?»

«ፊደል አልቆጠርሁም፣ ልጄ። ነፍሱን ይማረውና ያ ልጅ ቁጥር አስተማረኝ። ሰዓቱን ተዉት፣ ከመሪው ኋላ ያለውን ቁጥር እንዳለ ገልብጡ አለኝ። መኪና ሲወጣ አንድ፣ ሲገባ አንድ። እኔም ልክ እንደ ሥዕል እገለብጣለሁ።» ደብተራቸውን በሁለት እጃቸው አቀበሉት። «እንጅነሩ ይስቁብኝ ነበር። እኒህ ምን ይጽፋሉ እያሉ።»

የአስማረ መኪና ዓርብ ሲወጣ 84210፤ ቅዳሜ ሲገባ 84296።

ጎንደር ደርሶ መመለስ ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር አያንስም። መኪናዋ የተጓዘችው ሰማንያ ስድስት ነው፤ ከሽንፋ አካባቢ አልራቀችም።

*

አትክልት አስማረንና ዘሩን ለቀትሩ ዕረፍት ጠራቸው፤ በሦስተኛው ምሰሶ ሥር። ሦስት የፕላስቲክ ወንበር አስቀምጧል። ሳሉጎቹ ከሩቅ ያያሉ። አገኘሽም ከእነሱ ጋር ናት።

«ቁጭ በሉ። ከዚህ የተሻለ ጥላ የለም።»

አስማረ ተቀመጠ። ዘሩ ከጥላው ጠርዝ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ግማሽ ፊቱ ፀሐይ ላይ።

«መሐንዲስ፣ ጎንደር የትኛው ሆቴል ነው ያደሩት?»

«ደረሰኙን ሰጥቼህ የለ?»

«ባዶ ደረሰኝ በየሱቁ ይገዛል። አንድ ነገር ግን አይገዛም።» የአባ አበባውን ደብተር ዘረጋ። «ዓርብ ሽንፋ ገብተው አደሩ። ቅዳሜ ቀትር፣ ሁሉም ሰው በተኛበት ሰዓት፣ በወንዙ በኩል አሸዋው ጉድጓድ ደረሱ። ሽመክት እንደሚለካ ነግሮዎት ነበር። ወንድሜ ናቸው ብሎ ስላመነ ነው የነገረዎት።»

አስማረ ፈገግ አለ። «ጥበቃው ማንበብ አይችልም።»

«አዎ። ስለዚህ መዋሸትም አይችልበትም።»

«ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ይበላሻል፣ ኢንስፔክተር። ይህ ማስረጃ ነው? ሲሚንቶውን የሰረቀ—»

«ሲሚንቶው ከእግርዎ ሥር ነው። ከሲሚንቶው ሥር ደግሞ ማን እንዳለ ዘሩ ይንገረን።»

ዘሩ እዚያው፣ ጥላና ፀሐይ በተገናኙበት መስመር ላይ ተንበረከከ።

«የጥምቀት ለት ነው» አለ። «ሰዉ ታቦት ሊያጅብ ሽንፋ ወርዷል። ሦስቱ በእጥፍ ክፍያ ሊቆፍሩ ቀሩ። ጉድጓዱ ድጋፍ እንጨት አልነበረውም። እንጨት ይገዛ ብዬ ነበር፣ ወጪ ይቀነስ ተባልሁ። ከሰዓት በኋላ አፈሩ ተናደ። አካፋ አንስቼ ሮጥሁ። መሐንዲሱ ያዙኝ። ሞተዋል አሉ። ከታወቀ ሥራው ይዘጋል፣ ሁለታችንም ወህኒ እንበሰብሳለን አሉ። ሚክሰሩን አስነሳ አሉኝ።»

«ዝም በል!» አለ አስማረ። ያ ለስላሳ ድምፅ ጠፍቷል።

«ሞተው ነበር?» አትክልት በቀስታ ጠየቀ። «ዘሩ። ሞተው ነበር?»

ዘሩ ሁለት ጆሮዎቹን በመዳፎቹ ከደነ። «ሚክሰሩ ይጮኻል፣ ጌታዬ። ሚክሰሩ ሲጮህ ምንም አይሰማም።»

አስማረ ከወንበሩ ተነሳ። ኩብራ ካቴናዋን ይዛ ከጀርባው ቆማ ነበር። መኪናው ድረስ ሲወስዱት ማንም አልሰደበውም፣ ድንጋይም አልወረወረበትም። ሳሉጎቹ መንገድ ለቀቁለት። የሽመክት ትልቅ መዝገብ አስማረ ሽንፋ ተከራይቶት ከነበረው ክፍል፣ ከፍራሽ ሥር ተገኘ። ጥጉ ላይ ደም ነበረበት። ሳሊም በዚያው ምሽት ተፈታ፤ የናፍጣው ክስ ግን አልቀረለትም።

*

ከጎንደር የመጣው የድርጅቱ ተወካይ አገኘሽን ለብቻዋ ወስዶ አነጋገራት። መሠረቱ ከተነካ ምሰሶው ሊፈርስ ይችላል። ክረምቱ ከሁለት ወር በኋላ ነው። ድልድዩ ካልደረሰ ገለጉ ዘንድሮም ከሰው ይቆረጣል፤ ምጥ የያዛት ሴት ወንዝ ዳር ታድራለች። ካሳውን እጥፍ እንክፈልሽ፣ ቄስና ሼክ ጠርተን እዚያው ላይ እንጸልይ፣ ስማቸውንም በእምነ በረድ እናስቀርጽ አላት።

አገኘሽ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው።

«ድልድዩን አልጠላሁትም፣ ወንድምዓለም» አለች። «እኔም ሴት ነኝ፤ ወንዝ ዳር መቅረትን አውቃለሁ። ወንድሜ ግን መሠረት አይደለም። ሰው ነው። አውጡልኝ።»

የፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ረቡዕ መጣ። ሦስቱ የነበሩት በመሠረቱ ጫፍ፣ በተናደው አፈር በኩል መሆኑን ዘሩ አሳየ። በጎን ከተቆፈረ ምሰሶው ሳይነካ ሊደረስባቸው ይችላል፤ ግን በእጅ ነው፣ በማሽን አይሆንም። አትክልት የቀን ሠራተኛ ለመቅጠር ከድርጅቱ ጋር ስለ ክፍያ ሲነጋገር ሷሊህ አካፋውን ይዞ አለፈው። ሌሎቹም ተከተሉ። በዚህ ጊዜ የጉድጓዱን ግድግዳ በእንጨት ደገፉት፤ እንጨቱን ያመጡት ከማደሪያቸው ጣሪያ ነቅለው ነው። አራት ቀን ቆፈሩ። በአራቱም ቀን ስም የጠራ፣ የፈረመም የለም።

እሁድ ረፋድ ላይ የአካፋው ድምፅ ቆመ። ሷሊህ ከጉድጓዱ ወጥቶ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። አገኘሽ ማንም ሳይጠራት ወረደች። ኩብራ ልትይዛት ስትል አትክልት ከለከላት።

ቆይታ ወጣች። አላለቀሰችም። ነጠላዋ የለም፤ ወንድሟ ላይ ጥላው ወጥታለች። የተቆለለው አፈር ላይ ተቀመጠች።

«እሱ ነው» አለች። ከዚያም ጣቶቿን መቁጠር ጀመረች። «ጥምቀት… ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት…» ከመሐል ተወችው። «አርባው አልፏል። ሰማንያውም አልፏል። እናቴ ተዝካሩ መቼ ነው ብትለኝ ምን እላታለሁ?»

አትክልት ከአጠገቧ ተቀመጠ። በምርመራ መዝገቡ ላይ የሞቱበት ቀን ጥር አሥራ አንድ ተብሎ ይጻፋል፤ ያን ሊነግራት አሰበ። ግን ዘሩ ከምሰሶው ሥር ጆሮውን እንዴት እንደከደነ ትዝ አለው፤ በእርግጥ መቼ እንደሞቱ የሚያውቅ የለም።

«ከዛሬ እቆጥራለሁ» አለች አገኘሽ፣ እና አንድ ጣቷን አጠፈች።